ባቡሩ ሳይመጣ ቶርኖው ይምጣ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ከፍኖተ ሰላም ነኝ፣ ትንሽ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እያዞርኩ የምልጥባት) አለችኝ፣ የዙሪያውን ገጠር ወፍጮ ሁሉ የምጠግነው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ስለ ባቡር ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደው ጋዜጣ ላይ አግኝቼ አነበብኩት፣ ከዛ ወዲህ ዝም ማለት አቃተኝ። ረዘመ ካላችሁ ቁረጡት፣ የባቡር መለዋወጫ የሚቻለውን እዚሁ እንስራ የምለውን ብቻ እንዳትቆርጡብኝ አደራ።

እኛ ጋ "ባቡር ቆመ" ከተባለ ማንም ስለ ጅቡቲ አያስብም። ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። እናቶቻችን ዳጉሳውንና በቆሎውን በአህያ ጭነው "ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ" ነው የሚሉት፣ ድሮ በእንፋሎት የሚሰራው ሁሉ ባቡር ይባል ነበርና ስሙ እዛው ቀረ። እኔም እንግዲህ ስለ ትልቁ ባቡር የማወራው ከትንሹ ተነስቼ ነው፣ ኢንጂነር አይደለሁም፣ ግን ብረት ብረት ነው፣ ሲዞር ይሞቃል፣ ሲሞቅ ያልቃል፣ ሲያልቅ ወይ የሚተካ አለ ወይ ይቆማል።

ከካርታው ልጀምር። በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ጊዜ ከተዘረዘሩት የባቡር መስመሮች አንዱ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባህር ዳር፣ በወረታ፣ በወልዲያና በሰመራ አድርጎ ኤሊዳር የሚደርስ ነበር። አስቡት፣ የኛ ከተማ የመስመር ጫፍ! ያኔ "ጣቢያው የሚያርፈው እዚህ ነው" እያለ ቦታ ሊሸጥ የሚዞር ደላላ ሁሉ ነበር፣ ጎረቤቴ ቀብድ ሊከፍል ምንም አልቀረውም፣ ሚስቱ ነች ያስጣለችው። ለምን በዛ በኩል ይዞራል፣ በአባይ በረሃ ቀጥታ አዲስ አበባ አይገባም ወይ የሚል አለ፣ ከጎሃ ጽዮን ደጀን በአውቶብስ የተሻገረ ሰው ግን ይሄን አይጠይቅም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ብዙም አይፋተግም፣ ለዛ ነው በትንሽ ጉልበት ብዙ ጭነት የሚጎተተው፣ ጦሱም ግን እሱው ነው፣ ሽቅብ ሲሆን መሬት አይቆነጥጥለትም። በመቶ ሜትር ሁለት ሜትር ከወጣ ለጭነት ባቡር ትልቅ ዳገት ነው፣ የአባይን ገደል እናንተው አስሉት።

ያ መስመር ቢሰራ የሚገናኘው ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሀራ ገበያ ድረስ ከተዘረጋው ጋር ነበር። እሱን የቱርክ ኩባንያ ጀምሮት ብዙ ገንዘብ ፈሶበት በብድሩም በጦርነቱም ምክንያት እስካሁን ሰው ሲጭን አላየንም። ስለዚህ "ሐዲድ አምጡልን" ብዬ ልለምን አይደለም የጻፍኩት። ሐዲዱ ሲመጣ ይምጣ። እኔ የምለው ባቡር የሚጠገንበት እጅ ከሐዲዱ በፊት ይዘጋጅ ነው፣ አሁን ያሉት ሎኮሞቲቮች፣ ማለትም ፉርጎውን የሚጎትቱት፣ የሚኖሩትም በሱ ነው።

ይሄን ከየት አመጣኸው ካላችሁ ከአጎቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። በወጣትነቱ ከዚህ ተነስቶ ድሬዳዋ ወርዶ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ተቀጠረ፣ ዕድሜውን እዛው ጨርሶ በጡረታ ተመለሰ፣ እኔን ቶርኖ ያስያዘኝ እሱ ነው። ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣና አንድ እጀታው ረዥም መዶሻ ነበር። መዶሻዋ ለምስማር አይደለችም። ባቡሩ ሲቆም ከአንዱ ጎማ ወደ አንዱ እየሄዱ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ድምጹን የሚሰሙበት ነች። አንድ ቀን የወፍጮውን ሞተር ትልቁን መዘውር በሷ መታ አደረገና "ሰማህ አንተ ልጅ፣ እንደ ቤተክርስቲያን ደወል ነው የጮኸው፣ ይሄ ጤነኛ ነው፣ ስንጥቅ ካለው እንደተነቃ ገል ዷ ብሎ ይቀራል" አለኝ። አይኔን ጨፍኜ እንድለይ አድርጎ ነው ያስተማረኝ፣ ስሳሳት በመዶሻዋ እጀታ ጎኔን ወጋ ያደርገኛል። ዛሬም ኩሽኔታ (ዘንጉ ሳይፋተግ የሚዞርበት) የሚያልቅ ሲመስለኝ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የማዳምጠው፣ ከደረቀ እንደ ጥሬ ሽምብራ ይንኮሻኮሻል።

የድሬዳዋ ወርክሾፕ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን በ1886 ዓ.ም. ሰጡ፣ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከዛ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረና ነገሩ ተጓቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲድ መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር። ድሬዳዋ ራሷ ከተማ የሆነችው በባቡሩ ነው፣ ሐረር ተራራው ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ከታች ቀረና ወርክሾፑም ከታች ተተከለ። አጎቴ እንደሚለው እቃ ከፈረንሳይ አዘው መርከብ ሲጠብቁ ወራት ስለሚፈጅባቸው የሚቀልጠውን እዛው አቅልጠው፣ የሚቆረጠውን እዛው ቶርኖ ላይ ቆርጠው ነበር የሚገጥሙት፣ ቡሽ (ዘንግ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) በላቸው ብሎን በላቸው፣ የፍሬን ሸራ የሚሉትን የብረት ጫማ ሁሉ። በከሰልና በእንፋሎት የሚሄደው አለፈ፣ በጣሊያን ጊዜ ሊቶሪናው (ሞተሩ በራሱ ላይ ያለ የሰው መጫኛ) መጣ፣ ከዛ ናፍጣው መጣ፣ ባቡሩ እየተቀያየረ ወርክሾፑ ግን ያው ወርክሾፕ ነበር። አባት ለልጅ ያወረሰው ሙያ ነው። ዛሬ ያንን ቤት የሚያየው በብዛት ጎብኚ ነው፣ ካሜራ ይዞ ይገባል ፎቶ አንስቶ ይወጣል።

አሁን ወደ አዲሱ ልምጣ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በ2009 ተመረቀ፣ በ2010 ስራ ጀመረ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር፣ በ25 ሺህ ቮልት መብራት የሚሄድ። (መብራቱ እኮ ከጣና ውሃም ነው፣ ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ለሀገሩ የመብራት መረብ ይሰጣል፣ እና ሐዲድ ባይደርሰንም ባቡሩን እየጎተትን ነው ብል አልዋሸሁም።) ሲገዛ 35 የመብራትና 6 የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ በድምሩ 41፣ ከነሱ ጋር 1100 ፉርጎና 30 የሰው መጫኛ መጣ። ቻይናዎቹ ስድስት አመት ሲያስተዳድሩት ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ለእኛዎቹ አስረከቡ። እዚህ ላይ ነው እኔ ቁጭ ብዬ የማስበው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም እንደ አጋጣሚ 41 ነበር፣ በመስከረም 2008 ስራ ሲጀምር አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ተሰልፌ ተሳፍሬያለሁ፣ ደስ ይል ነበር። ጥቂት አመት ሳይቆይ ግን ከ41ዱ አብዛኛው በመለዋወጫ እጦት ቆሞ ሌሎቹ ሰው እስከ በራቸው ታጭቆባቸው ሲሄዱ ሁላችንም አይተናል። መቼም ባቡሮቹ በዛ እድሜ አርጅተው አይደለም፣ የሚያልቀው ሲያልቅ የሚተካ ጠፍቶ ነው እንጂ።

የሚያልቀው ምኑ ነው ላላችሁ፣ መጀመሪያ ጎማው ነው። የባቡር ጎማ ጎኑ ላይ ከሐዲድ እንዳይወርድ የሚይዘው ከንፈር አለው፣ ኩርባ ላይ ሐዲዱን እየፋቀ ይሳሳል። ፍሬን ድንገት ከተያዘና ጎማው ሳይዞር ከተንሸራተተ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ጠፍጠፍ ይላል፣ ከዛ በኋላ በዞረ ቁጥር ጓ ጓ ጓ እያለ ሐዲዱንም ኩሽኔታውንም ይቀጠቅጣል። በዛ በረሃ ግመል በድንገት ሐዲድ ውስጥ ሲገባ ነጂው ምን ያድርግ። መፍትሄው ጎማውን አውጥቶ መጣል ሳይሆን ቶርኖ ላይ አዙሮ ቅርጹን መመለስ ነው፣ እንዲያውም ባቡሩን ሳይፈታ ከስር ሆኖ የሚልገው ቶርኖ አለ፣ ባቡሩ ከላይ ይቆማል ማሽኑ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ጎማውን ይልጠዋል። ከጎማው ሌላ የፍሬን ጫማው አለ፣ ከሽቦው መብራት የሚቀበለው ክንድ ጫፍ ላይ ያለው ካርቦን አለ፣ እሱማ የተፈጠረው ሊያልቅ ነው፣ ሽቦው እንዳያልቅ ራሱ እንዲያልቅ። የአየር ፍሬኑ ጎሚኒና ቫልቭ አለ። ይሄ ሁሉ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ በጊዜው መለወጥ ያለበት ነው፣ እስኪሰበር የሚጠበቅ አይደለም።

የራሴን ልንገራችሁ። ክረምት መግቢያ ላይ የአንድ ወፍጮ ኩሽኔታ አለቀ፣ ከኪስ የማትበልጥ እቃ ነች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ ብሩን ተቀብሎ "ነገ ይላካል" እያለ ስድስት ሳምንት አቆየኝ፣ በመጨረሻ የላከው ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ሆነ። ስድስት ሳምንት ሙሉ የአራት ቀበሌ ሴቶች ሁለት ሰዓት ወደ ሌላ ወፍጮ ተጓዙ። መጨረሻ ላይ የወደቀ የመኪና ኩሽኔታ ፈልጌ፣ ዘንጉን ቶርኖ ላይ ላጥ አድርጌ፣ ቡሽ ሰርቼለት ገጠምኩት፣ ይኸው እስከዛሬ ይፈጫል። እና አንድ ሎኮሞቲቭ በእንዲህ አይነት ነገር ዴፖ (ባቡር የሚያድርበትና የሚጠገንበት ግቢ) ውስጥ ሲቆም ምን ያህል ፉርጎ ተከትሎት እንደሚቆም አስቡት። ያ ፉርጎ ውስጥ ማዳበሪያ ሊኖር ይችላል። ማዳበሪያችን በአብዛኛው ከውጭ በጅቡቲ ነው የሚገባው፣ ጎጃም ሰኔ ላይ ካልደረሰ ሐምሌ ላይ ቢደርስ ለበቆሎው ምኑ ነው። ሐዲድ ባይኖረንም የባቡሩ ጤና የሚመለከተን ለዚህ ነው።

"አሮጌ ከመጠገን አዲስ መግዛት ይሻላል" የሚሉኝ አሉ፣ በተለይ የተማሩት። በምን ዶላር? ሎኮሞቲቭ በአግባቡ ከተያዘና ግማሽ እድሜው ላይ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ከታደሰ ሰላሳ አመትና ከዛ በላይ የሚሄድ ነገር ነው። ሞተሩን ቀይረህ፣ የመብራት መስመሩን አድሰህ፣ ዋናውን የብረት አካል ታቆየዋለህ። ህንዶች በፈረንጅ 1950 ቺታራንጃን ላይ ፋብሪካ ከፍተው በእንፋሎት ባቡር ነው የጀመሩት፣ ዛሬ የመብራት ሎኮሞቲቭ የሚሰሩት እዛው ግቢ ነው። ኬንያም አዲሱን ትልቁን መስመር ከሰራች በኋላ የእንግሊዝ ጊዜዋን ናይሮቢ ናንዩኪ መስመር አድሳ መልሳ ባቡር አስኬደችበት። እኛ ግን ትልቁን ስንሰራ ትንሹን ጥለን ነው።

ሁሉን እዚህ እንስራ አላልኩም። ትራንስፎርመሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ ያንን ጥፍር የሚያክል ኤሌክትሮኒክስ ማን ይሰራዋል፣ እሱ ይገዛ። ግን የፍሬን ጫማ፣ ፒን፣ ቡሽ፣ የፉርጎ በር ማጠፊያ፣ ስፕሪንግ መያዣ፣ እንዲህ ያለውን በየአመቱ በመቶዎች እየተቆጠረ የሚያልቀውን ነገር በዶላር የምናስመጣበት ምክንያት አይገባኝም። ምድር ባቡር ልኩን፣ የብረቱን አይነትና ጥንካሬውን ይስጥ፣ የሚሰራ ይወዳደር፣ ተፈትኖ ያለፈ ይግባ ያላለፈ ይመለስ። ፈተናው ይጥበቅ፣ ፍሬን ነው፣ ቀልድ የለበትም። እዚህ ባህር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ስንት ቶርኖ ቤት ቆሞ የበር መዝጊያ እየላጠ ነው የሚኖረው።

ልጆቹንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ለልምምድ ወደኔ የሚመጡ የቴክኒክ ተማሪዎች አሉ፣ ትምህርት ቤታቸውን አልጠራም፣ ጎበዞች ናቸው፣ ድሮዊንግ ያነባሉ፣ ግን አንድ ማሽን ለሰላሳ ሆነው ስለተማሩ ቶርኖ እጃቸው አልነካም። አንዷ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ካሊፐሩን (የልክ መሣሪያውን) አሳስታ ያነበበች በሶስተኛው ወር ዘንግ ልጣ ኩሽኔታው ሳይላላ ጥብቅ ብሎ ሲገባላት አለቀሰች፣ እውነቴን ነው። እንዲህ አይነቷን ባቡር ዴፖ ልኮ ሁለት አመት ማቆየት ስንት ብር ነው? ወልዲያና ወረታ ባቡር ሲገባ የሚጠግነው ሰው ያኔ ዝግጁ ይሆናል፣ ካልገባም ወፍጮ ትጠግንልኛለች።

አሁን እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኛ ላኩና ዴፖው በር ላይ ቆማችሁ ጠይቁልኝ፣ ከ41ዱ ሎኮሞቲቭ ዛሬ ጠዋት ስንቱ ተነሳ፣ ያልተነሳው ምን እቃ እየጠበቀ ነው፣ እቃው ከታዘዘ ስንት ቀን ሆነው። መልሱን ከነእቃው ስም አትሙልኝ፣ የፎቶና የልክ ነገር ካለም ጨምሩበት፣ እኔ እዚህ ሆኜ የቱን መስራት እንደምችል ምልክት አድርጌ እልክላችኋለሁ።

እትዬ በር ላይ ቆመው "ባቡሩ ሞቀ፣ ቺንጋው ሸተተ" እያሉኝ ነው፣ ልሂድ።

አክባሪያችሁ
ከፍኖተ ሰላም፣ ምዕራብ ጎጃም፣ የቶርኖ ባለሙያ