ጠላችንን በየእህሉ እንቅመሰው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። እናቴ አምስት ልጆች ያሳደገችው ጠላ ሸጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት ይከብደኛል።

ጥር ላይ ታላቅ ወንድሜ ከውጭ አገር መጥቶ ነበር። እዚያ ቢራ በትንሽ በትንሹ የሚጠምቁ ቤቶች አሉ አለን። ገብተህ ስትቀመጥ አራትና አምስት ትንንሽ ብርጭቆ በሳንቃ ላይ ደርድረው ያመጡልሃል። ከነጣው ትጀምራለህ፣ የጠቆረውን መጨረሻ ትቀምሳለህ። አስተናጋጁም ከምን እህል እንደተጠመቀ፣ ብቅሉ ምን ያህል እንደተቆላ ይነግርሃል። እኔም «ይሄማ እኛም ሰፈር አለ፣ ጠያቂ አጥቶ ነው እንጂ» አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሰኞ ገበያ ወረድን። በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ የተደፋበት ቤት ነው። የወንድሜ የልጅነት ጓደኛም አብሮን ነበር። እሱ ሙስሊም ስለሆነ ቀሪቦ ቀረበለት። ባለቤቷን «እትዬ፣ ዛሬ በጣሳ አይቅዱልን፤ ያለውን ሁሉ በትንሽ በትንሹ ያቅምሱን» አልናቸው። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ ፊታቸው በራ። «አብሽሩ! እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉና የሻይ ብርጭቆ ደረደሩ።

የመጀመሪያው ከወረኢሉ በመጣ ገብስ የተጠመቀ ነው። አሻሮው፣ ማለትም የተቆላው እህል፣ ብዙ አልተቆላም። ቀለል ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የማይቆይ። ሁለተኛው የሐርቡ ማሽላ ነው፤ ወፈር ብሎ ምላስ ይይዛል፣ ኮምጠጥ ይላል። ሦስተኛው ገና ያልጠለለ ጉሽ። እሱን ወንድሜ ሁለቴ አስደገመ። ፊልተሩን፣ ተጣርቶ የወጣውን ጠላ፣ መጨረሻ አመጡት። ጥርት ያለ ነው፣ ግን ጆሮ ያግላል። ቅራሪውን ለልጆች ብለው አስቀምጠውት ነበር፣ እሱንም ቀመስነው።

ዝም ብለን አልጠጣንም። አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩን። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ያጥቡታል። ከዚያ ወይራ አጭሰው ጋኑን ይደፉበታል። ገብሱን አፍንጫዬ ላይ ሳስጠጋ የሸተተኝ ያ ጭስ ነበር። የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ። ጌሾው ሲበዛ ራስ ይመታል፣ ሲያንስ ጠላው ቶሎ ይኮመጥጣል አሉን። ቢራ ፋብሪካ ሆፕ በሚባለው መራራ ተክል የሚያደርገውን እሳቸው በጌሾ ነው የሚያደርጉት። ብቅሉ ግን በሁለቱም ቤት ብቅል ነው። ብርዱም ከቁም ነገር ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋል፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ነው። ኮምቦልቻ ያለች እህታቸው በአራት ቀን የምታደርሰው ድፍድፍ እሳቸው ጋ ሳምንት ይፈልጋል። እኔ ጠላ ቤት አድጌ ይህን አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ሚያንገበግበኝ ልምጣ። ዓምና አንድ ሰርግ ላይ የቀረበልን ጠላ የላስቲክ በርሜል ይሸት ነበር። ጎኔ የተቀመጠች ልጅ አንዴ ቀምሳ አስቀመጠችውና ለስላሳ ጠየቀች። አልፈርድባትም። ጠላ ማለት ያ ነው ብላ ነው የምታድገው። በበርሜል በሚጠምቁትም አልፈርድም፤ ጋን ውድ ነው፣ ይሰበራልም። ግን እኛ ጠጪዎቹ «አንድ ጣሳ ጠላ» ብለን እየጠራን፣ ከምን እህል፣ በምን ዕቃ፣ ማን እንደጠነሰሰው ሳንጠይቅ፣ ለጋኑም ለበርሜሉም እኩል እየከፈልን እንዴት ጋኑ ይቀጥላል? ቡና ላይ የይርጋጨፌ ነው የሐረር ነው ብለን እንከራከራለን። ጠላ ላይ ምነው?

የአገራችን የመጀመሪያ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። እኛ ወሎዎችም ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ አለን፣ ሥራ ስለሰጠን ደስ ይለኛል። ጋዜጦች አዲስ ቢራ ሲወጣ ገጽ ይሰጡታል። ለጠላ ጠማቂ እናቶችስ? አንድ ዘጋቢ ላኩ። ስማቸውን፣ እህላቸውን፣ አሻሮ አቆላላቸውን ጻፉ። ቤቱን እኔ አሳያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፣ ጉሹ የሚደርሰው ያኔ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ