ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣው ወንድማችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደሴ አዳራሻችን ይገኛል። ብዙዎቻችሁ አብሮ አደጋችሁ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ነው፤ ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ ሠልጥኖ ዛሬ ሲሃውክ የሚባለውን ሄሊኮፕተር ያበርራል።

የወሎን ልጅ ከባሕር ምን አገናኘው? አባቱ ናቸው። በልጅነታቸው የአሰብ መኪኖች በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ ቆላ ሲወርዱ እያዩ አደጉ። ከዚያ ምጽዋ ሄደው ባሕር ኃይል ገቡ፣ "ኢትዮጵያ" በምትባለው መርከብ ላይ አገለገሉ። መርከቧ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣች ናት። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሄዳ በዚያው ቀረች። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል። እሳቸው ግን ነጭ ቆባቸውን ሳጥን ውስጥ አኖሩት። ልጃቸው በየበዓሉ እያወጣ ይለካው ነበር።

ባለፈው እሁድ እናቱ ቤት ቡና ስንጠጣ፣ ሌሊት መርከብ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ጠየቅነው። ባዶውን የቆሎ ሰሃን አንስቶ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ያደርገው ጀመር። በሌላ እጁ ስኒ ይዟል። ሰሃኑ ረጋ የሚልባትን ቅጽበት ጠብቆ ስኒውን ቀስ አድርጎ አሳረፈው። አባቱ እስከዚያ ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር።

እሳቸውም ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ቆባቸውን ይዘው። በተለይ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች እንዳይቀሩ። የአባቶቻችሁ የባሕር ኃይል ፎቶ ካላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን።