ለ24 የተካፈለች ላዳ፦ የሞዴል መኪና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሞዴል መኪና ክበብ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከስፖርት ዕቃ ማከማቻው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል እንደሚሰበሰብ የግቢያችን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በዓመቱ ውስጥ «የአሻንጉሊት ክበብ» ስንባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህን ስም ያወጡልን ባልደረቦቼ በክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት መቼ እንደሚያሳስብ፣ መቼ ደግሞ እንደማያሳስብ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ያየ ሰው ያንን ስም አይደግመውም ብዬ አምናለሁ። ይህንንም ዘገባ ከወትሮው አስረዝሜ የምጽፈው፣ በሚቀጥለው ዓመት የክበባት በጀት ሲደለደል አንባቢዎቼ ሥራችንን አውቀው እንዲፈርዱ ስለምፈልግ ነው።

የዘንድሮው ሥራችን የተነሣው በአሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ከላከልን ሁለት የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎችና (ክፍሎቻቸው በሣጥን መጥተው በእጅ የሚገጣጠሙ የመኪና ሞዴሎች) አንድ የሬዚን (በፈሳሽነቱ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) መለወጫ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ስቶክ ካር የሚባሉትን የአሜሪካ የውድድር መኪናዎች አሳንሰው የሚያሳዩ ናቸው። ስቶክ ካር ሲባል መነሻው ከፋብሪካ እንደወጣ ለማንም ገዢ የሚሸጥ ተራ መኪና ማለት ነው። ውድድሩን የሚመራው ናስካር የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች ከተማ ሲቋቋም፣ ከቀደሙት ተወዳዳሪዎች አንዳንዶቹ ቀረጥ ያልተከፈለበትን አረቄ በሌሊት በተራራ መንገድ እያመላለሱ ከፖሊስ ማምለጥን የለመዱ ሹፌሮች ነበሩ፤ መኪናቸው ከውጭ ሲያዩት የማንም ሰው መኪና ይመስላል፣ ሞተሩ ግን በእጃቸው የጎለበተ ነበር። እየዋለ እያደረ የተራ መኪናነቱ ነገር በውጭ መልኩ ብቻ ቀርቶ፣ ውስጡ ሹፌሩን ከአደጋ በሚጠብቅ የብረት ቱቦ የታጠረ ሆኗል። መለወጫው ደግሞ የመገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ያላወጡትን የመኪና ዓይነት ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው የሚዘጋጅ ነው። አዘጋጁ የመኪናውን የውጭ አካል ብቻ ከሬዚን ያወጣል፤ ገዢው ሻንሲውን፣ ሞተሩን፣ ጎማውንና መቀመጫውን ከፕላስቲኩ መገጣጠሚያ ወስዶ ከሬዚኑ አካል ጋር ያጋባል።

በጥቅምት ወር ሣጥኖቹን ስንከፍት፣ የፕላስቲኮቹ ልኬት 1፡24፣ ማለትም የእውነተኛው መኪና ልክ ለ24 የተካፈለበት፣ የሬዚኑ ግን 1፡25 ሆኖ አገኘነው። ላኪያችን ተሳስቷል ብዬ አዘንኩ፤ ለተማሪዎቹም እንደማይገጥም ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ ግን ቁጥሮቹን በደብተሩ ገልብጦ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በእናቱም ስልክ መረጃ ሲፈልግ ሰንብቶ በሳምንቱ ስሌቱን ይዞ መጣ። የሬዚኑ አካል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነበረ መኪና ነው፤ በዚያን ጊዜ በውድድሩ ደንብ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለው ርቀት 115 ኢንች ነበር። ፕላስቲኮቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ ያሉ መኪናዎች ናቸው፤ በዚያ ዓመት ማኅበሩ የአሜሪካ ፋብሪካዎች መኪናዎቻቸውን እያሳነሱ መምጣታቸውን ተከትሎ ርቀቱን ወደ 110 ኢንች ዝቅ አድርጎታል። 115 ኢንች 2921 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ25 ሲካፈል 116.8 ይሆናል። 110 ኢንች 2794 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ24 ሲካፈል 116.4 ይሆናል። ልጁ እነዚህን አራት መስመሮች በሰሌዳው ላይ ጽፎ ጠመኔውን ሲያስቀምጥ ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ፤ ሻንሲውን ከአካሉ ሥር ስናስገባውም ጎማዎቹ በየፓራፋንጎው መሐል ተቀመጡ። እርግጥ ነው፣ መቀመጫውና ሞተሩ ከአካሉ አንጻር በመቶ አራት ያህል እንደተለቁ ቀርተዋል፤ ይህንንም መጀመሪያ የተናገረው እርሱ ራሱ ነው። እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ የአሃድ ለውጥንና ምጥጥንን በአንድ ሴሚስተር ያን ያህል ግልጽ አድርጌ አስተምሬ አላውቅም።

ስለ መደበኛ ስብሰባዎቻችን ብዙ የምለው የለኝም። ሥራ አስፈጻሚ መርጠናል፣ ደንብ አጽድቀናል፣ የመሣሪያ መረከቢያ መዝገብ ከፍተናል፤ ከፈተና ሳምንታትና ከበዓላት በቀር አልተቋረጥንም። ከስህተታችን የተማርነውን ግን መግለጽ አለብኝ። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ፕላስቲኩን ጥቂት አሟሙቶ በማዋሐድ የሚሠራ በመሆኑ ሬዚንን አይነካውም፤ ይህን ሳናውቅ ያጣበቅነው ሁሉ በማግሥቱ ወልቆ አገኘነውና በሱፐር ግሉ ደግመን ሠራነው። ሬዚኑ ከፈሰሰበት ቅርጽ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት በላዩ ስለሚቀርም በለብታ ውኃና በሳሙና ካልታጠበ ቀለም አይዝም። ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ፣ ተማሪዎቻችን የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እየነከሩ፣ አፍና አፍንጫቸውንም ሸፍነው ይሠራሉ። ይህ በክበቡ ደንብ የመጀመሪያው አንቀጽ ነው።

የመጀመሪያው መኪና በጥር ወር ተጠናቀቀ። ሁለተኛው መገጣጠሚያ ገና አልተነካም ነበርና ምን እናድርገው ብለን ስንመካከር፣ ከተማሪዎቹ አንዷ «የአሜሪካኖቹ ተራ መኪና ይህ ከሆነ የእኛ ተራ መኪና የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። ቮልስ ያለ ነበር፣ ሚኒባስ ያለም ነበር፤ በድምፅ ብልጫ የተመረጠችው ግን ሰማያዊና ነጯ ላዳ ታክሲ ናት። ጣሊያኖች የነደፏት ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ነበር፤ ሶቪየቶች ፈቃዱን ወስደው፣ አካሏን ለመጥፎ መንገድ አጠንክረው፣ ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ከተማ አመረቷት። ለእኛም አገር መንገድ የሆነችው በዚህ ጥንካሬዋ ነው። ስለዚህ የላዳን አካል ራሳችን ከሬዚን አውጥተን፣ የሁለተኛውን መገጣጠሚያ ሻንሲ አሳጥረን፣ በታክሲ ቀለም ያሸበረቀች ስቶክ ካር ለመሥራት ወሰንን። ለዚህም መጀመሪያ አንዲት እውነተኛ ላዳ መለካት ነበረብን።

በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ 14 ተማሪዎችን ይዤ ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ወደ ሳሪስ ሄድን። በአንድ ጋራዥ ውስጥ ለጥገና የቆመች ላዳ መኖሯን ከተማሪዎቻችን የአንዱ አጎት ነግሮን ነበር። ባለቤቷ አዛውንት፣ 31 ዓመት በታክሲ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ዙሪያዋን ሲቆሙ አይተው «ንኩ እንጂ ልጆቼ፤ ይህቺን መኪና ስንት እጅ ያልነካት!» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ጋራዡ የእኛ ሆነ። አንዱ ኮፈኑን፣ ሌላው የበሩን ስፋት፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ፓራውልቱን ይለካሉ፤ አንዷ ንድፉን ትስላለች፤ ሠራተኞቹም ሥራቸውን ትተው ሜትሩን ይይዙላቸዋል።

ከሁሉ በላይ የማልረሳት በመጀመሪያው ሴሚስተር ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የጎማ ለጎማውን ርቀት እንድትለካ የተመደበችው እርሷ ነበረች። በክር ጫፍ ላይ አንድ ዳዶ አስራ ቱምቢ ሠራች፤ ክሩን ከፊተኛው ጎማ እምብርት ላይ አንጠልጥላ ዳዶው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቀች፤ ከሥሩ በወለሉ ላይ በጠመኔ ነጥብ አደረገች፤ ከኋላውም እንዲሁ። በቀኝ በኩል 2 ሜትር ከ42 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር አገኘች፤ የፋብሪካውም ልክ 2424 ሚሊ ሜትር ነው። በግራ በኩል ግን ስድስት ሚሊ ሜትር ጎደለባት። ነጥቦቹን በመዳፏ አጥፍታ እንደገና ለካች። አሁንም ጎደለ። ሦስተኛ ጊዜ ለክታ ተነሣችና በግራው የፊት ፓራፋንጎ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ከመብራቱ ወደ ኋላ፣ ከስንት ዙር ቀለም ሥር፣ የአውራ ጣት ስፋት ያላት ጎድጓዳ ነበረች። ወደ አዛውንቱ ዞራ በዝግታ «አባባ፣ መኪናዋ በዚህ በኩል ተመትታ ታውቃለች?» አለቻቸው።

አዛውንቱ ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያም የበኩር ልጃቸው የተወለደች ሌሊት ባለቤታቸውን ወደ ሐኪም ቤት ሲያጣድፉ የግቢውን በር ምሰሶ እንደነኩት ነገሩን። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ቀለም ተቀብታለች፤ ያቺን ጎድጓዳ ግን በስቱኮ እንዲሞሏት ለማንም ፈቅደው አያውቁም። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ፣ ልጄ» አሏት። ጾም ስለነበር ሻይና ዳቦ አስመጡልን፤ እስክንወጣም ድረስ ከልጅቷ ጎን አልተለዩም። ወደ ቤት ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ስድስቱን ሚሊ ሜትር ለ24 አካፍላ ሩብ ሚሊ ሜትር እንደሚሆን፣ በሞዴሏም ላይ እንደማይታይ ነገረችኝ። «ጎድጓዳዋ ግን ትታያለች» አለች።

ከ2424 የሚወጣው ልክ 101 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከሻንሲው 15.4 ሚሊ ሜትር ቆርጠን አወጣን፤ አክሰሎቹንም አጠበብን። የአካሉን አምሳያ ከዋንዛ እንጨት ቀረጽን፤ ያቺን ጎድጓዳ ልጅቷ ራሷ የብርጭቆ ወረቀት በእርሳስ ጫፍ ላይ ጠምጥማ ሁለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፍቃ አወጣቻት። ከዚያ በኋላ የመጣው ግንቦት ከባድ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሆነው ከሲሊኮን ጎማ የሚሠራ ቅርጽና ሁለት ፈሳሾችን በእኩል መጠን ቀላቅሎ የሚፈሰው የፖሊዩሬቴን ሬዚን ነው። እኛ አቅማችን የፈቀደው ጀሶና ከመርካቶ የገዛነው፣ ለውኃ ታንከር መጠገኛ የሚሸጠው የፋይበር ግላስ ሬዚን ነበር። የመጀመሪያው ጀሶ በደንብ ሳይደርቅ ስላፈሰስንበት ሬዚኑ ሳይጠነክር እንደ ማር ተለጥፎ ቀረ። በሁለተኛው፣ ለ100 ግራም ሬዚን ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ብቻ መጨመር የነበረበት ማጠንከሪያ በስህተት ሁለት ጊዜ ተጨመረና ሬዚኑ ግሎ ተሰነጠቀ። ያንን ቀን ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ መለኪያውን መቆጣጠር የእኔ ድርሻ ነበር። ሦስተኛው ወጣ፤ በሩ፣ ኮፈኑ፣ ጎድጓዳዋም ሳትቀር። ነገር ግን የጀሶ ቅርጽ እንደ ሲሊኮን ስለማይተጣጠፍ፣ አካሉን ለማውጣት ቅርጹን በመዶሻ መስበር ግድ ነበር። ክፍላችን ያላት አንድ መስኮት የማይከፈት በመሆኑና የሬዚኑ ሽታ በዝግ ቤት ውስጥ የሚያሳምም በመሆኑ፣ ይህን ሁሉ የሠራነው ውጭ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥርም ሥራው ቆሟል። ዘንድሮ ከትምህርት ቤቱ ያገኘነው የብርጭቆ ወረቀትና የማጣበቂያ መግዣ ብቻ ነበር፤ ሬዚኑ የተገዛው ተማሪዎቹ ከትራንስፖርታቸው ቀንሰው ባዋጡት ነው። ይህን የጻፍኩት ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን በእግራቸው የመጡ ልጆች ያዋጡት ገንዘብ መሆኑን የሚደለድሉት ሁሉ እንዲያውቁት እሻለሁ።

በሰኔው የወላጆች ቀን ላዳዋ ከጠረጴዛው መሐል ቆመች፤ ከወገቧ በላይ ነጭ፣ ከወገቧ በታች ሰማያዊ፣ በውስጧ የብረት አጥር፣ በበሮቿም ላይ 31 ቁጥር። ቁጥሩን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ የአዛውንቱ የሥራ ዘመን ነው። እርሳቸውም በጥሪያችን መሠረት ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ሞዴሏን በመዳፋቸው ላይ ሲያስቀምጡላቸው ቁጥሩንም ቀለሙንም ከማየታቸው በፊት የትንሿ ጣታቸው ጫፍ ወደ ግራው ፓራፋንጎ ሄደ። ጥቂት ቆይተውም ለልጃቸው የሚሰጧት አንዲት ሌላ ትኖር እንደሆነ ጠየቁን። አልነበረችም። ቅርጹ ተሰብሯል፤ ያለችው ያቺ ብቻ ናት፣ እርሷም የክበቡ ንብረት በመሆኗ በመዝገብ ሰፍራለች። ልጅቷ በጓደኞቿ ፊት ቆማ «አባባ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንሠራልዎታለን» አለቻቸው፤ እኔም በመምህርነቴ ቃሏን አጸናሁላት።

የዋንዛው አምሳያ በጨርቅ ተጠቅልሎ በቁም ሣጥናችን ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ኪሎ የቅርጽ ማውጫ ሲሊኮን ብናገኝ ከአንድ ቅርጽ ብዙ አካሎችን ማውጣት እንችላለን፤ ከዚሁ ጋር አንድ ጥንድ የፖሊዩሬቴን ሬዚን፣ ለ20 ተማሪዎች የሚሆን የብናኝ መከላከያ ጭምብልና የምትከፈት መስኮት ያስፈልጉናል። መርዳት የምትችሉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በመምህራን ማረፊያ ታገኙኛላችሁ። ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው የመጀመሪያው ረቡዕ ሥራ የምንጀምረው ለአዛውንቱ በምትሰጠው ላዳ ነው።