ጉዳዩ፦ ጥቁር አፈር ውስጥ ስለተቀበረው ካትሊያ ኦርኪዴ

ለችግኝ መሸጫው ሥራ አስኪያጅ

አምስተኛ ጊዜ ስደውል «በጽሑፍ ያምጡ» ስለተባልኩ ይኸው ጽፌያለሁ። የደረሰኝ ቁጥሩን ሦስቴ ሰጥቻለሁ፤ አልደግመውም።

ማሰሮ ሊቀየርለት የመጣ ዕለት ሠራተኛዎ «በጥድ ቅርፊትና በከሰል፣ ሐሙስ ይደርሳል» አለኝ። ሐሙስ አልደረሰም። ቅዳሜም። ማክሰኞ ተረከብኩ፤ ከላይ ቅርፊት ተነስንሶበት አምሮበታል። ቤት ደርሼ ሳነሳው ግን ከበደኝ። ጣቴን ሰደድ ባደርግ ጭቃ!

ደወልኩ። «እማማ፣ አፈር የማይወድ አበባ የት አለ?» ብሎ ሳቀ። አንደኛ፣ እማማው አይደለሁም። ሁለተኛ፣ ካትሊያ ነዋ! በትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ሥሩ ውኃ ጠጥቶ ቶሎ መድረቅ፣ አየር ማግኘት አለበት። በዚህ ክረምት ጥቁር አፈር መች ይደርቃል? ይህንን ለችግኝ ነጋዴ የማስረዳው እኔ ነኝ?

ከዚያ እርስዎ ራስዎ ስልኩን ተቀበሉ። «ነገ ጠዋት ልጅ እልካለሁ፣ እስከዚያ አይንኩት» አሉኝ። እኔም አልነካሁትም። የኔ ጥፋት ይኼ ነው። ነገ ጠዋት ሲባል 12 ቀን አለፈ። ቢቸግረኝ ገለበጥኩት። ነጭ የነበረው ሥር ቡናማ ሆኗል። ያዝ ሳደርገው ልባሱ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ፤ መሐሉ እንደ ክር ተንጠለጠለ። አዲሱ ቡቃያ ሥር ማውጣት ሲጀምር ጠብቄ ነበር ያመጣሁት፤ ጊዜው ያ ነውና። እነዚያ ጫፎች ጠቁረዋል። ከላይ መታየት ያለበት አግድም ግንድም ሁለት ጣት ያህል ተቀብሯል። ቡቃያውማ ከማሰሮው ግድግዳ ጋር ተፋጥጧል፤ ወዴት ይሂድ?

ማሰሮ ካልኩ አይቀር፣ ያመጣሁት የሸክላ ነበር። የተመለሰልኝ ፕላስቲክ ነው። ሸክላዬ የት ገባ? አምና ነጭ ብላችሁ የሸጣችሁልኝም ሐምራዊ አበባ አወጣ። ቆንጆ ስለነበር ዝም አልኩ።

መጀመሪያ የፈለግኩት ይቅርታ ብቻ ነበር። አሁን የከፈልኩት ይመለስልኝ፤ ማሰሮዬም። በተጨማሪ ቢያንስ አራት ወፍራም ግንድ ያለው፣ ጤነኛ ካትሊያ ይተካልኝ። ነጭ። እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙንና የበሰበሰውን ሥር በፌስታል ይዤ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ልጅ አይላኩ። ቅዳሜ ጠዋት እኔው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ለጊዜው ደንበኛችሁ