ቆመን አልተመለከትንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጎ ፈቃደኞችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመሬት ናዳ ለተፈናቀለ የጎፋ ቤተሰብ ስለሠሩት ቤት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። ተማሪዎቹም ምስጋናው ይገባቸዋል፤ እንዲያውም ያንሳቸዋል። የምጽፈው መሃል ላይ ስላወጣችሁት ትልቁ ፎቶ ነው። ከሥሩ «የአካባቢው ነዋሪዎች ግንባታውን ቆመው በግርምት ሲመለከቱ» ይላል።

ከነዚያ ነዋሪዎች አንዱ እኔ ነኝ። በሙያዬ አናጺ ነኝ። እስቲ ፎቶውን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ነው። ከጎኔ የቆሙት ሴቶች እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ጭቃ ሲረግጡ ነበር። ውሃ አለቀ። ልጆች ጄሪካን ይዘው ወደ ምንጩ ወረዱ። እኛም ውሃው እስኪመጣ ቆምን። ዘጋቢያችሁ የደረሰው በዚያች ሰዓት ነው። ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። ያቦካነው ጭቃ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እየታየ፣ ያቦኩት ሰዎች «ተመልካች» ተባሉ።

ስለ ሌላ ሥራና ስለ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። የአንድ ፎቶ መግለጫ ምን ያህል ያስቆጣል የሚል ሰው ይኖራል። ግን ይህ የተጻፈው ስለ ማን እንደሆነ አስቡ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሀገር ሁሉ ያውቃል። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሐምሌ 20 ጀምሮ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እናንተም ያኔ ጽፋችኋል። ከሞቱት ብዙዎቹ ግን የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸው አይደሉም። መጀመሪያ የወረደው አፈር የዋጠው ጥቂት ቤቶችን ነበር። ጎረቤት ይህን ሰምቶ ወጣ። ማሽን አልነበረም። በእጁም፣ በዶማም፣ በአካፋም ቆፈረ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። የቀበሌው አስተዳዳሪ እዚያው ሞተ። መምህራን ሞቱ። የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሞቱ። የአክስቴ ልጅም አካፋውን ይዞ እንደወጣ ቀረ።

ይህ ሕዝብ ቆሞ ቢመለከት ኖሮ ዛሬ የሟቹ ቁጥር ሌላ ይሆን ነበር። የሞተው ቆሞ ማየት ስላልቻለ ነው። ታዲያ ከዚያ የተረፈውን ሰው፣ በዚያው ናዳ ለተፈናቀለ ቤተሰብ ጭቃ እያቦካ «ቆሞ በግርምት ተመለከተ» ብሎ መጻፍ ምን ይባላል? ዘጋቢው ክፉ አስቦ አልጻፈውም፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው እንኳን ቢጠይቅ ይበቃው ነበር። እኔን መጠየቅ ይችል ነበር። ተማሪዎቹንም መጠየቅ ይችል ነበር።

ነገሩ ደግሞ ተማሪዎቹ ነግረውታል። አጠገባቸው ነበርኩ። አንዷ ተማሪ «ጭቃውን ያስተማሩን እነሱ ናቸው» ብላ ወደ ሴቶቹ ጠቆመች። ማስታወሻው ላይ ሲጽፈውም አይቻለሁ። ዘገባው ውስጥ ግን የለም። በምትኩ የወጣው «ቴክኖሎጂውን ለአካባቢው ማኅበረሰብ አስተዋወቁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። የጭቃና የእንጨት ቤትን ለጎፋ ማን ነው የሚያስተዋውቀው? አባቴ በዚህ ሥራ ነው ያሳደገኝ። እሱም ከአባቱ ነው የተማረው።

ተማሪዎቹ ያመጡትን ላለመካድ እሱንም ልናገር። የድንጋይ መሠረቱን ከምናደርገው ከፍ አድርገው አስለኩን። ልክ ነበሩ፤ ግድግዳው የሚበላው ከታች፣ ከመሬት በሚረጨው ውሃ ነው። በየማዕዘኑ በሰያፍ የገባው እንጨት የእነሱ ሐሳብ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው በደንብ አልፎ እንዲወጣ አደረጉ። አሸንዳና ሮቶ አመጡ። ስለዚህ የቤቱ እናት በክረምት ውሃ ፍለጋ ቁልቁል አትወርድም። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ከእነሱ ተምሬ ለሌላ ሰው ስሠራ እጠቀምበታለሁ።

እኛ ያመጣነውስ? መጀመሪያ ሥራው የታሰበው ለክረምት ነበር፤ የበጎ ፈቃድ ዘመቻ ወቅቱ ክረምት ስለሆነ። በክረምት ጭቃ እንደማይደርቅ የነገርናቸው እኛ ነን። እርጥብ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ ምርጊት ቢመረግ ተያይዞ ይወርዳል። እነሱም ሰሙን፤ በበጋ በእረፍታቸው መጡ። በዘገባችሁ «በግማሽ ዓመት እረፍታቸው መሥዋዕትነት ከፍለው» የተባለው ከዚህ የመጣ ነው። መምጣታቸው መሥዋዕትነት ነው፤ እስማማለሁ። ወቅቱን የመረጠው ግን እዚህ የኖረ ሰው ነው።

ቦታውንም የመረጡት ሽማግሌዎች ናቸው። በፕላኑ ላይ ቤቱ የተቀመጠው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ለጥ ያለ ቦታ ለማግኘት ዳገቱን ከሥሩ መቁረጥ ያስፈልግ ነበር። ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። የዳገት ሥር ከተቆረጠ ከላይ ያለው አፈር ምን ይዞት ይቆማል? ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ሲከብድ ይወርዳል። ብዙ ተነጋገሩ። ተማሪዎቹ ፕላናቸውን አጠፉና ቤቱን ወደ ታች አወረዱት። ከቤቱ በላይ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ ተቆፈረ። ቦዩን የቆፈሩት የመንደሩ ወጣቶች ናቸው፤ በደቦ። በፎቶዎቻችሁ ውስጥ አንዱም የለም።

መስኮቱንም ልጨምር። ፕላኑ ላይ በዳገቱ በኩል ያለው ግድግዳ መስኮት አልነበረውም፤ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ነው። የቤቱ እናት አልተስማማችም። በክረምት ሌሊት ዳገቱን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ዝም ተባለ። ከዚያ መስኮት ተከፈተ፤ እንጨቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እናንተ «ዲዛይኑ ሙሉ በሙሉ የተማሪዎቹ ነው» ብላችሁ ጽፋችኋል። ያቺ ሴት ያጣችውን አጥታ፣ ለገዛ ቤቷ የተናገረችው እንኳን ለሌላ ሰው ተሰጠባት።

አንድ ስህተት ደግሞ ማለፍ አልችልም። ዘገባው ቤተሰቡ ቀድሞ ይኖር የነበረው «በአደጋ ጊዜ መቋቋም በማይችል የጭቃ ጎጆ» ውስጥ ነበር ይላል። የተናደው ቤቱ አይደለም። ተራራው ነው። የብሎኬት ቤት፣ የሲሚንቶ ቤት፣ የምትፈልጉት ቤት ቢሆን ያ ሁሉ አፈር ሲመጣበት አይቆምም። አንባቢ ይህን ሲያነብ ጥፋቱ የድሃው ቤት ላይ ይመስለዋል። «ድሮም በደካማ ቤት ይኖሩ ነበር» ብሎ ያልፋል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ሰው ዳገት ላይ የሚኖረው ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። ከቦታው ይነሳ ከተባለ የሚያርሰውስ የት ነው? ይህን ብትጽፉልን እኛም እናመሰግናችሁ ነበር። ስለ ግድግዳው ብቻ ማውራት ቀላል ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አዲሱም ቤት የጭቃ ቤት መሆኑ ነው! በአንድ ገጽ ላይ፣ እኛ ስንሠራው «መቋቋም የማይችል ጎጆ» ሆነ፤ ተማሪ ሲነካው «አካባቢን የሚጠብቅ ዘላቂ ቤት» ሆነ። አፈሩ ያው አፈር ነው። ጭዱም የጤፍ ጭድ ነው።

ዘላቂ ስላላችሁት ነገር እኔም የምለው አለኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ። የጭቃ ቤት ዘላቂ የሚሆነው የሚጠግነው ሰው ሲኖር ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቁ ጉዳት የለውም፤ ሁለተኛው ስስ ምርጊት ይሞላዋል። ከክረምት በኋላ ደግሞ ዝናብ የመታው ጎን ይነካካል። ባሕር ዛፍ ቋሚ ከሥሩ ምስጥ ይገባበታል፤ የተቃጠለ ዘይት ብንቀባውም ለዘላለም አይደለም። የቻለ ሰው ጽድ ይጠቀማል፤ ጽድ ግን አሁን ከየት ይመጣል? እንግዲህ ቋሚው ሲበሰብስ ማን ነው የሚቀይረው? ተማሪዎቹ ያኔ ተመርቀው ሥራ ይዘዋል፤ እግዚአብሔር ይርዳቸው። የሚቀይረው እኔ ነኝ፤ ወይም ልጄ። ግድግዳውን የሚመርጉት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ቦዩ በደለል ሲሞላ የሚጠርጉት የመንደሩ ልጆች ናቸው። ይህን ሰው ከታሪኩ ካወጣችሁት የጻፋችሁት ስለ ዘላቂ ቤት አይደለም።

ከእኛ ሩቅ ሳትሄዱ ጋሞ ዞን ዶርዜን ተመልከቱ። የቀርከሃ ቤታቸውን ሥሩን ምስጥ ሲበላው ይቆርጡታል፤ ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ቦታ መቀየር ካለበት ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ቤቱን ረጅም ዘመን የሚያቆየው የቀርከሃው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ተሰብስቦ የሚያነሳው ጎረቤት ነው። የኮንሶም እርከን እንዲሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ያ የድንጋይ ካብ፣ ተራራ ላይ አፈር እንዳይሸሽ ለብዙ ትውልድ ሰው በእጁ የከመረው ነው። ክልላችን ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ያለበት ነው። እዚህ መጥቶ ስለ ቤትና ስለ ዳገት የሚጽፍ ጋዜጠኛ ይህን ይዞ ቢመጣ ምን አለበት?

የግሌን ነገር ላለመናገር አስቤ ነበር፤ ግን ከዚህ ጋር ይያዛል። ከዚህ በፊትም ለአደጋ ተጎጂዎች መጠለያ ሲሠራ ሠርቻለሁ። አስተባባሪው ድርጅት «ቀን ሠራተኛ» ብሎ መዘገበኝ። ሥራውን የመራሁት እኔ ነበርኩ፤ ክፍያው የጉልበት ክፍያ ነበር። የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ስሜ አልተጠራም። በዚህኛው ቤት ምረቃ ቀን ደግሞ በሩን እንደገጠምኩ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አንድ ፎቶ አንሺ «አባት፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፣ ቤቱን ጋርደውታል» አለኝ። ዞር አልኩለት። ልጁ በአክብሮት ነው የጠየቀኝ፤ አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት ዘገባው ሲወጣ ነው፤ ሁላችንም ዞር የተደረግን መሆናችንን ሳነብ።

ወጪውም እንዲሁ ነው። የቆርቆሮው፣ የሚስማሩና የሲሚንቶው ዋጋ ተጽፏል፤ የተማሪዎቹ ትራንስፖርትም ተጽፏል። እንጨቱን በነፃ የሰጡት ሁለት ጎረቤቶች የሉበትም። ጭዱ የለበትም። ለተማሪዎቹ በየቀኑ የፈላው ቡናና የተቀቀለው ጎደሬ የለበትም፤ ያቀረቡት እናቶች ራሳቸው የተትረፈረፋቸው አይደሉም። ማንም ሂሳብ አልጠየቀም፣ አይጠይቅምም። ግን ዘገባው «የአካባቢው ማኅበረሰብ ተሳትፎ ውስን ነበር» ሲል እኛ እንዴት ዝም እንበል? ውስን የነበረው ዘጋቢው የቆየበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። የፎቶውን መግለጫ አርሙት፤ ድረ ገጹ ላይ ያለውንም ጭምር። «መቋቋም የማይችል ጎጆ» የሚለውን አውጡት። ስለ መስኮቱ የቤቱን እናት ራሷን ጠይቋት፤ ፈቃደኛ ነች። ጭቃ የረገጡት ሴቶችና ቦይ የቆፈሩት ልጆች ስማቸው እንዲወጣ ተስማምተዋል፤ ዝርዝሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለብቻው ልኬላችኋለሁ። ተማሪዎቹም እርማቱን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ከእነሱ ጋር እስከ ዛሬ እንደዋወላለን።

ዝናቡ ሲያቆም ለሌላ ቤተሰብ ሁለተኛ ቤት ሊጀመር ታስቧል። ያኔ ሰው ብትልኩ ሪባን የሚቆረጥበትን ቀን አትጠብቁ። ጭቃው በሚቦካበት ሳምንት ይምጣ፤ ማደሪያ እኔ ቤት አለ።

አናጺ፣ ከጎፋ ዞን