የላይኛው ገበሬ ውሃውን በነጻ ነው የሚጠብቀው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አባቴ ደግሞ ከቆጋ ግድብ በላይ፣ ተዳፋት ላይ ያርሳሉ። ባለፈው ጥምቀት ሄጄ ያየሁት ነው ይህን ያስጻፈኝ።

አባቴ ያላቸው አራት ቃዳ ነው፤ አንድ ሔክታር ገደማ። ሁለቱ ላይ እርከን ተሠርቷል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ያለ ክፍያ። አባቴ ሰባ ቢጠጉም ቀርተው አያውቁም። ከማሳው በላይ ያለው ግጦሽ ተከልሏልና ላሟ ደጃፍ ታስራ ገለባ ትበላለች።

«እርከኑ ለመሬቱ ጥሩ ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው፣ «ለአይጡም ጥሩ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ድንጋዩ መሃል አይጥ ይራባል፤ ገብሱን ይጨርሰዋል። በሬው መዞሪያ ያጣል። እርከኑ ራሱም ከማሳው ላይ ነው የሚቆረሰው። ጥቅም የለውም አልልም፤ አፈራቸው ይቀርላቸዋል። ግን ትልቁ ትርፍ ታች ነው። አፈሩ ቢታጠብ የሚደፍነው ግድቡን ነዋ! ቆጋ 7 ሺህ ሔክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። የመርዓዊ አካባቢ ገበሬ በበጋ ስንዴና ድንች የሚያወጣው በዚያ ውሃ ነው። እኔም ድንቹን ከተማ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ለአባቴ ግን ማናችንም አምስት ሳንቲም አልከፈልንም። ሦስተኛውን ቃዳ ባሕር ዛፍ ተክለውበታል። ምን ያድርጉ፣ ባሕር ዛፍ ይሸጣል።

ኮስታሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደኑን ለሚጠብቅ ባለመሬት ትከፍላለች፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ከነዳጅ ግብር ይመጣል። «እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ይሁን። ክፍያው ግን ለመሬቱ አይደለም፣ ለድካሙና ለቀረበት እህል ነው። ደግሞስ እኛው አገር ወላይታ ሁምቦ ላይ ተሞክሮ የለ? 2,728 ሔክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው ደኑ ሲመለስ፣ ዛፉ ከአየር ለሚስበው ካርቦን የሚከፈል ገንዘብ በዓለም ባንክ በኩል አግኝተዋል። ገንዘቡ በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ገብቶ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሆኗል።

ወፍጮ ጥሩ ነው። የአባቴን ገብስ አይጥ ከበላው ግን ወፍጮው ምን ይፈጭላቸዋል? ስለዚህ እኔ የምለው፣ ክረምቱ ሲወጣ እርከኑ ይታይ፤ ካልፈረሰ የመሬት ደብተር ላለው ገበሬ በእጁ ይከፈለው። ብር ከሌለ ማዳበሪያ ይቀነስለት። ከውሃው ተጠቃሚም፣ ከእኛ ከከተሜዎቹም ትንሽ ትንሽ ቢዋጣ ማንም አይጎዳም።

ይህን ለአባቴ አጫወትኳቸው። ብዙም አልተደነቁም። «ስንት ነው?» እንኳ አላሉም።

«በማን እጅ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሚመለከተው ሰው ይህን ካነበበ በጋዜጣችሁ ይመልስልን፤ ለሳቸው ቆርጬ እወስድላቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር