ሳይፈተሽ በተፈረመ ርክክብ ስም ውድቅ የተደረገ የካሳ ጥያቄ

ለ፦ የጭነት ማጓጓዣ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በጉዞ ላይ ለተጎዳ የንግድ ማቀዝቀዣ ያቀረብነው የካሳ ጥያቄ እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

የካሳ ክፍላችሁ ጥያቄያችንን ውድቅ ያደረገበት ደብዳቤ ደርሶናል። ምክንያቱ አጭር ነው፦ ተቀባዩ ዕቃውን «በመልካም ሁኔታ» መረከቡን በፊርማው አረጋግጧል፤ ይህ ባይሆን እንኳ ማሸጊያው ደካማ ነበር። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይኸው ነው። ዕቃው ደህና ከደረሰ ማሸጊያው ምን አጠፋ? ማሸጊያው ዕቃውን ሳያድነው ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ደህና አልደረሰም ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጡልን እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ርክክቡ ልምጣ። ሾፌራችሁ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ዕቃው የተጫነባቸውን ሁለት ፓሌቶች አወረደና ታብሌቱን ለንብረት ክፍል ሠራተኛችን ዘረጋለት። ታብሌቱ ላይ «ዕቃውን በሙሉና በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚለው ቃል አስቀድሞ ተሞልቷል። ከሥሩ ያለው የፊርማ ቦታ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ያየውን ልጻፍ ቢል የሚጽፍበት አንዲት መስመር እንኳ የለችም። «ሳጥኑን ከፍቼ ልየው» ሲል የተሰጠው መልስ «ሌላ ቦታ እየጠበቁኝ ነው፤ ካልፈረምክ ጭኜው እመለሳለሁ» የሚል ነበር።

ሠራተኛችን ግን ሥራውን ያውቃል። ታብሌቱን ከመንካቱ በፊት በወረቀቱ የማጓጓዣ ሰነድ ላይ በእጁ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በሳጥኑ ግራ ጎን ከታች የፎርክሊፍት ጥርስ የበሳው ቀዳዳ አለ፤ የማዘንበል ጠቋሚው ቀልቷል፤ የውስጡ ዕቃ አልታየም።» ሾፌሩም ከጽሑፉ ሥር ፈርሟል። ቅጂው በእጃችን ነው፤ ከቅሬታችንም ጋር ልከንላችሁ ነበር። የካሳ ክፍላችሁ መልስ ላይ ግን ይህ ወረቀት ስሙ እንኳ አልተነሳም። እነሱ ያዩት የታብሌቱን መዝገብ ብቻ ነው፤ ታብሌቱ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይናገር ተደርጎ የተሠራ ነው።

ሳጥኑ ከልክ በላይ ሲያዘነብል ከነጭ ወደ ቀይ ስለሚለወጠው ተለጣፊ ጠቋሚ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም «ተለጣፊ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም» ተብለናል። ለብቻው ጉዳትን እንደማያረጋግጥ እኛም እናውቃለን። የሚናገረው ሳጥኑ ከተፈቀደለት በላይ መዘንበሉን ነው፤ ለማቀዝቀዣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማቀዝቀዣ ሲጋደም የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ሊፈስ ይችላል፤ ከባዱ ኮምፕሬሰርም በታሰረበት ቡሎን ላይ ይንጠለጠላል። ላኪው መኪናው ሲጫን ባነሳው ፎቶ ላይ ይኸው ጠቋሚ ነጭ ነው፤ ሳጥኑም ቀዳዳ የለውም። እኛ በር ላይ ሲደርስ ጠቋሚው ቀይ፣ ሳጥኑም የተበሳ ነው። በመካከሉ ዕቃውን ይዞ የነበረው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገንም።

መኪናው እንደሄደ ሳጥኑን ከአራቱም ጎን ፎቶ አንስተን፣ መለያ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አመሳክረን ከፈትነው። ከቀዳዳው ትይዩ የማቀዝቀዣው የብረት መሠረት ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ሁለቱ ልክ ለልክ መገጣጠማቸው ማስመሪያ ተይዞ በተነሳው ፎቶ ላይ ይታያል። ከኋላ ከኮምፕሬሰሩ ማሰሪያ ቡሎኖች አንዱ ተቆርጧል፤ ወደ ላይ የሚወጣው የመዳብ ቱቦ ተጣጥፏል፤ ከእጥፋቱ ሥር ያለው ሽፋን በዘይት ርሷል። ቴክኒሻኑ ጋዙ በዚያ በኩል እንደወጣ በጽሑፍ አረጋግጧል። ማሽኑ ሶኬት ላይ ተሰክቶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ቀጣዩ መልሳችሁ «እናንተ ስታስነሡት ነው የተበላሸው» እንዳይሆን ነው። በሁለተኛው ፓሌት የመጣው ምድጃ አንዳች ጭረት የለበትም፤ ስለ እሱም ምንም አልጠየቅንም።

ሰነዳችሁ ራሱ ጉዞው የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1956 በጄኔቫ በተፈረመው የዓለም አቀፍ የመንገድ ጭነት ማጓጓዣ ስምምነት መሆኑን ይገልጻል። እንግዲያው በስምምነቱ እንነጋገር። አንቀጽ 9 እንደሚለው አጓጓዡ ዕቃውን ሲቀበል በሰነዱ ላይ ምንም አስተያየት ካላሰፈረ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ዕቃውም ማሸጊያውም ለዓይን ደህና እንደነበሩ ይገመታል። ሾፌራችሁ ሲጭን አንዲት ቃል አልጻፈም። ዛሬ «ማሸጊያው ደካማ ነበር» ማለት ያኔ ያልታያችሁ ነገር ከካሳ ጥያቄው በኋላ ታየን እንደማለት ነው።

አንቀጽ 30 ደግሞ በዓይን የሚታይ ጉዳት በርክክቡ ጊዜ፣ የማይታይ ጉዳት ግን እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽ ይፈቅዳል። የሚታየው በሰነዱ ላይ በቦታው ሰፍሯል። የውስጡንም ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ አሳውቀን መልእክቱ መድረሱን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከእናንተው ተልኮልናል። ይኸው አንቀጽ አጓጓዡና ተቀባዩ ለምርመራና ለፍተሻ የሚያስፈልገውን ተገቢ ዕድል ሁሉ እርስ በርስ እንዲሰጣጡ ያዛል። ሞተሩን ሳያጠፋ ፈርም የሚል ሾፌርና አስተያየት የማይቀበል ታብሌት ይህን ዕድል እንዴት እንደሚሰጡ ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

«ጉዳት ካያችሁ ለምን አልመለሳችሁትም?» የሚል ጥያቄም ቀርቦልናል። ያየነው የሳጥኑን ቀዳዳና የቀላውን ጠቋሚ ነው፤ ያ የውስጡን ጉዳት መጠን አይነግርም። ደግሞስ አንድ ጊዜ የተጋደመ ማሽን በዚያው መኪና ተመልሶ ቢሄድ ምን ይተርፈው ነበር? ተረክቦ፣ ያዩትን ጽፎ፣ ጉዳቱ እንዳይባባስ መጠበቅ ጠንቃቃ ነጋዴ የሚያደርገው ነው።

ስለዚህ የካሳ ጥያቄያችን በሾፌሩ የተፈረመውን ወረቀት፣ የላኪውን የጭነት ፎቶዎችና የቴክኒሻኑን ሪፖርት መሠረት አድርጎ እንደገና እንዲታይ እንጠይቃለን። ዳግመኛ ውድቅ የሚሆን ከሆነ እያንዳንዱ ማስረጃ ለምን ተቀባይነት እንዳጣ በተናጠል ይጻፍልን። ታብሌታችሁ ላይም የአስተያየት መጻፊያና ፎቶ ማያያዣ ይጨመርበት። እስኪጨመር ድረስ ግን ለድርጅታችን የሚመጣ ማንኛውም ዕቃ በወረቀት ብቻ ይፈረማል፤ ይህን ለሾፌሮቻችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁልን፣ በር ላይ ንትርክ እንዳይነሳ።

ማቀዝቀዣው በመጣበት ፓሌት ላይ ቆሟል። የተበሳው ሳጥን፣ ውስጥ የነበረው ፎምና የቀላው ጠቋሚም አልተጣሉም። መርማሪ የምትልኩ ከሆነ በሥራ ሰዓት በማንኛውም ቀን መምጣት ይችላል፤ ቴክኒሻኑም አብሮ እንዲገኝ፣ መርማሪው ሊመጣ ባሰበበት ቀን ዋዜማ ይደውልልን።

ከሰላምታ ጋር
የግዢና ንብረት ክፍል ኃላፊ

አባሪ፦ በሾፌሩ የተፈረመ የማጓጓዣ ሰነድ ቅጂ፣ በጭነትና በርክክብ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎች፣ የቴክኒሻን ሪፖርት
ግልባጭ፦ ለላኪው ድርጅት፣ ለመድን ሰጪያችን